ሽማግሌ የሌለው ውል

ክረምት ላይ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ገበሬ እጅ ብር አይገኝም። ማሩ ተቆርጦ ተሽጧል፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ የልጆች ደብተር ደግሞ መግዣው ደርሷል። ስለዚህ ወደ ቡና ሰብሳቢው ይሄዳል። «ኅዳር ላይ ይህን ያህል ፈረሱላ ጀንፈል አስገባለሁ» ይልና ብሩን ይቀበላል። አንዳንዴ ወረቀት ይጻፍና የአውራ ጣት አሻራ ያርፍበታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለው ቃልና ሁለት ምስክር ነው።

እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ይህንን የቡና ብድር ስማርት ኮንትራት (በኮድ ተጽፎ ራሱን በራሱ የሚያስፈጽም ውል) ላድርገው ብዬ ተነሳሁ። ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የመረጥኩት ስሙ ለአገራችን እንግዳ ስላልሆነ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከጀርባው ያለው ኩባንያ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም የቡናም ነገር ተነስቶ ነበር። በ2011 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ሴቶችን ሃስኬል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አሠለጠነ፤ በሚያዝያ 2013 ደግሞ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን በዲጂታል መታወቂያ ለመመዝገብ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መስማማቱ ተነገረ። እኔ የምሠራው እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት መሞከሪያ መረብ ላይ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየትን ከልክሏልና አልደፍርም፤ ብደፍርም ደመወዜ አይፈቅድም።

ሥራው በተርሚናል ነው። አንድ መስመር ትዕዛዝ ስጽፍ ሁለት ፋይል ይወለዳል፤ አንዱ ለሁሉም የሚታይ ቁልፍ፣ ሌላው መፈረሚያ ቁልፍ። መፈረሚያውን ከፍቼ አየሁት፦ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ዓይነቱ፣ መግለጫው፣ ከዚያ በ5820 የሚጀምር ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት። የይለፍ ቃል የለው፣ ስም የለው። የገለበጠው ሁሉ ባለቤት ነው። ከዚያ ግብይቱን መሥራት፣ መፈረም፣ መላክ ነው። «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ጥያቄ የለም። ተልኳል ይልሻል፤ ካለ በኋላ መመለሻ የለውም።

ውሉ ቀላል ነበር። ገበሬው ዋስትና ያስይዛል፤ ቡናው በቀኑ ከገባ ዋስትናው ለእሱ ይመለሳል፤ ካልገባ ለአበዳሪው ይሄዳል። ጊዜው በሰከንድ ይቆጠራል። ይህን ለአጎቴ ሳስረዳው (ደቻ ውስጥ ሽማግሌ ሆኖ ብዙ ዘመን ተቀምጧል) አቋረጠኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሊያፈርሰው የማይችለውን ቃል ጠበቀ ብለሽ ሰውን ታመሰግኛለሽ?» አለኝ።

ዝም አሰኘኝ። ቃል መጠበቅ ምግባር የሚሆነው ማፍረስ ሲቻል ነው። ጠግቦ ያደረ ሰው ሳይበላ በመዋሉ ጾመ እንደማይባል፣ ማፍረሻ መንገዱ የተዘጋበት ሰውም ታመነ አይባልም። ጌታ በተራራው ስብከት መማልን የከለከለው ቃልን ለማርከስ አይደለም፤ ቃል ብቻውን እንዲበቃ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ የገበሬውን ቃል ጭራሽ አይፈልገውም፤ የሚፈልገው ዋስትናውን ነው።

አጎቴ ግን ሁለተኛ ነገር አለው። ኅዳር ላይ ዝናቡ አልቆም ቢለውስ? ቤት ውስጥ ሰው ቢሞትስ? እዚህ አገር ሐዘን ቤት ያለን ባለዕዳ በቀኑ አምጣ የሚል አበዳሪ በጎረቤት ፊት መቆም አይችልም። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀን ይራዘማል። ምሕረትንም በኮድ እጽፈዋለሁ አልኩት፤ ለምሳሌ የ30 ቀን ጭማሪ። ስጽፈው ግን ምሕረትነቱ ቀረና አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ሆነ፤ ማንም ያልሰጠው፣ ማንም ያልለመነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲሰረዝ ካዘዘ በኋላ፣ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ ለድሃው ከማበደር እጅህን አትሰብስብ የሚል ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። ሕግ አውጪው አንቀጽ ብቻውን ልብ እንደማያበጅ ያውቅ ነበር።

ደግሞም ማሽኑ አይምርም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ሰኔ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ኢተሪየም በተባለው ሌላ ብሎክቼይን ላይ ዘዳኦ ከተባለው ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የመረቡ ገንዘብ) ተወሰደ፤ የወሰደው ሰው ውሉ ራሱ በተወው ቀዳዳ ነበር የገባው። ኮዱ ሕግ ነው ሲሉ የነበሩ ሰዎች ተሰበሰቡና ሐምሌ 13 ቀን መዝገቡን አቅንተው ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሱ፤ እምቢ ያሉት ኢተሪየም ክላሲክ ብለው ተለዩ። ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2010፣ አንድ ሰው ፓሪቲ የተባለው ኩባንያ በዚያው በኢተሪየም ላይ የሠራቸው የጋራ ዋሌቶች መሠረት የሆነ ኮንትራት አጠፋና ከ513 ሺህ ኢተር በላይ ተቆለፈ። እሱን ለመክፈት የቀረበው ሐሳብ ግን አላለፈም። የመጀመሪያው ፈንድ በጊዜው ከነበረው ኢተር 14 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር፤ ብዙ ሰው አብሮ ስለተጎዳ ይግባኙ ተሰማ። ስለዚህ እዚያም ሽማግሌ አለ። ልዩነቱ እኛ ጋ ሽማግሌው ፊቱ ይታያል።

ይህን ብዬ ለአጎቴ ብፈርድለት ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን የእኛን ሽማግሌዎች አውቃቸዋለሁ። ባል የሞተባት ሴት የባሏን ጫካ ቡና ከወንድሞቹ ጋር ስትከራከር ምሕረቱ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቻለሁ። ማንጆ የተባሉት ወገኖቻችን ለዘመናት ከሌላው ካፋ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ቤት እንዳይገቡ ተደርገዋል፤ ደጅ የቆመ ሰው ቀን ይራዘምልኝ ብሎ ማንን ይለምናል? በ5820 የሚጀምረው ሰንሰለት ግን ዘር አይናገርም። ፕሮግራሙ ፊት አያይም፤ ለአንዱ ጭካኔ የሆነው ይህ ነገር ለሌላው በሕይወቱ ያላገኘው ፍትሕ ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው አልተቆጣም፤ አልመለሰልኝምም።

በመካከሉ ደግሞ ሚዛኑ አለ። ቡናው መጋዘን መግባቱን ፕሮግራሙ በራሱ አያውቅም፤ ሚዛን ላይ የቆመው ሰው ፈርሞ ሊነግረው ይገባል። ያ ሰው በየፈረሱላው ኪሎ ቢያጎድል መዝገቡ ሐሰቱን ለዘላለም በታማኝነት ይጠብቃል። ብሎክቼይን ያስቀረዋል የተባለው መተማመን ሚዛኑ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

አሁን ውሉን ቀይሬዋለሁ። ቀኑ ሲያልፍ ዋስትናው ወዲያው አይሄድም፤ ከሦስት ቁልፎች ሁለቱ ከፈረሙ ጊዜው ይራዘማል። አንዱ የገበሬው፣ አንዱ የአበዳሪው ነው። ሦስተኛው ላይ ነው ክርክራችን። አጎቴ በዕድሜ የገፋ፣ በአካባቢው የታወቀ ሰው ይያዘው ይላል። እኔ ሴት ትሁን፣ በየዓመቱም ትቀየር፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ከማንጆ ወገን ትሁን እላለሁ። «እሷ ስትፈርም አበዳሪው የሚቀበል ይመስልሻል?» አለኝ። አበዳሪው ባይቀበልም እሷና ገበሬው ሁለት ናቸውና ውሉ ይቀበላል አልኩት። ለዚህ የሰጠኝ መልስ፣ «እንግዲያው በሚመጣው ክረምት ማን ያበድራል?» የሚል ነበር።