ድምሩን የያዘችው ልጅ

በሐረና ጫካ አናት፣ በሪራ መንደር፣ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበሩ። ቀፎዎቻቸው በሦስት ቦታ ረዣዥም ዛፎች ላይ ተሰቅለዋል። ጉልበታቸው ሲደክም አራት ልጆቻቸውን ጠሩ። የበኩሩን «በቀርከሃው ዳር 12 ቀፎ አለን፤ ያዝ» አሉት። ለሁለተኛው «በወንዙ ዳር 9»፣ ለሦስተኛው «በገደሉ ሥር 14» አሉ። ለታናሺቱ ግን «አንቺ 35ን ያዥ» ብቻ አሏት።

«አባባ፣ የኔ ቀፎ የታለ?»

«ያንቺ የሁሉም መድን ነው፤ አደራ፣ እንዳትረሺው።»

ለወንዶቹም ትእዛዝ ጨመሩ፤ «ጎባ ገበያ ስትወጡ ሁለታችሁ ባንድ ቀን ሳነቴን እንዳትሻገሩ።» ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጉሙና ውርጩ መንገደኛ የሚያስት አምባ ነው።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ሁለተኛው ልጅ ማር ጭኖ ሳነቴ ላይ እንደወጣ ቀረ። ወዲያው አንድ ጎረቤት «የወንዝ ዳሩ ቀፎ እኩሌታው የኔ ነው» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎች ለዳኝነት ተቀመጡ። ታናሺቱ ቆማ «ድምሩ 35 ነው። የወንድሞቼ 12 እና 14፣ 26 ይሆናል። የወንዙ 9 ነው» አለች። ወርደው ቢቆጥሩ ዛፎቹ ላይ የተሰቀለው ልክ 9 ሆኖ ተገኘ። ፈረዱላት።

ሲዲ ጭረት የሚችለው በዚህ ጥበብ ነው። ሒሳቡን ኢርቪንግ ሪድ እና ጉስታቭ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተሙት፤ በ1982 ገበያ የወጣው የፊሊፕስ እና የሶኒ ሲዲ በእሱ ቆመ። በየ24ቱ ባይት ላይ፣ ሙዚቃ ያልሆኑ 8 ጠባቂ ባይቶች ይታከላሉ። የልጅቱ ድምር የጎደለውን ብቻ ይሞላል፤ የነሪድ ሒሳብ ግን የተሳሳተው የቱ እንደሆነም ይለያል። ጎን ለጎን የነበሩ ባይቶችም ዲስኩ ላይ ተራርቀው ይጻፋሉ፤ አንድ ጭረት ከየቡድኑ ጥቂቱን ብቻ እንዲነካ። በዚህም በትራኩ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይታረማል።

ሁለት ወንድሞች ቢቀሩ ኖሮ ግን የልጅቱ ድምር ባልበቃ ነበር። የዲስክ እርማትም ልክ አለው፤ እስከዚያ ልክ ድረስ ደግሞ ጉዳቱን ይሸፍናል። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ዲስኩ ውስጥ ውስጡን ሊያልቅ ይችላል። የሠርጋችሁን ቪዲዮ፣ የአባቶቻችሁን ድምፅ በዲስክ ያኖራችሁ ሁሉ፣ ደኅና ማጫወቱ አያዘናጋችሁ። ገና እያነበበ ሳለ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት።