የብልሽቱ መጨረሻ የት ነው?

ሬሖቮት ባሕር የላትም፤ ባሕሩ ግን ሩቅ አይደለም። በዚህች ከተማ የሚኖር፣ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው በአሽዶድ ዳርቻ ወይም በኪኔሬት ሐይቅ ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ፣ ከጀልባው ኋላ የሚታሰረውን ሞተር ፈትቶ ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። ሞተሩ አርጅቶ አልነሣ ያለ ዕለት መካኒኩ የሚጠራው የጥገና ዋጋ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሞተር ከሚገዛበት ዋጋ እምብዛም አይርቅም። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ላሳድሰው ወይስ ልሽጠው?» እያለ ያወጣል ያወርዳል። ነገሩ የኪስ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ከሒሳቡ በፊት የሚቀድም የሃይማኖት ጥያቄ አለበት እላለሁ፦ ይህ ብልሽት በመጨረሻ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? መጠገንም ሆነ መሸጥ በዚህ ይመዘናል። ብልሽቱን ባለቤቱ ዘንድ የሚያስቀር ወይም ጨርሶ የሚያጠፋው ውሳኔ ውድ ቢሆንም ቀና ነው፤ ለማያውቅ ሰው የሚያሻግረው ግን ቢያተርፍም ጠማማ ነው።

መጠገንን የሚደግፈው ማስረጃ ብርቱ ነው። ኦሪት ዘዳግም 20፥19 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ራምባም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የሕግ መጽሐፍ፣ ስለ ነገሥታት በሚናገረው ክፍል ምዕራፍ 6 ላይ፣ ክልከላውን ከዛፍ አሻግሮ ዕቃ የሚሰብረውን፣ ልብስ የሚቀድደውን፣ ሕንፃ የሚያፈርሰውንና ምንጭ የሚደፍነውን ሁሉ አካቶበታል። በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል አባቶች ራምባምንም ታልሙድንም አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ «ይህ የእኛ ወግ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሕጉ ሥር በግዕዝ ሲያነቡት በኖሩት ኦሪት ውስጥ ነው፤ ፍሬውም በእጃቸው ሥራ ይታይ ነበር። በጎንደር ገጠር የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ያለቀውን ማረሻ በከሰል አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ ለሌላ እርሻ ያበቁት ነበር። ብረት የሚጣል ነገር አልነበረም። የዚያ ቀጥቃጭ የልጅ ልጅ በሬሖቮቱ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ተቀምጦ አሮጌ ሞተር መጣል ቢከብደው፣ የሚከብደው በምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ኦሪት በማንኛውም ዋጋ አድስ አይልም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይስሐቅ ፍልስጥኤማውያን በአፈር የደፈኗቸውን የአባቱን የአብርሃምን ጕድጓዶች መልሶ አስቆፈረ። በ1890 የተቆረቆረችው ሬሖቮትም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ምዕራፍ ነው። ነገር ግን ያው ይስሐቅ የጌራራ እረኞች የተጣሉበትን አንዱን ጕድጓድ ተወው፤ ሁለተኛውንም ተወው፤ ጠብ የሌለበትን ሦስተኛውን ቆፈረ። የአባቱን ውኃ የከፈተው ሰው የራሱን ድካም ትቶ መሄድንም ያውቅበት ነበር። ማደስ በጎ የሚሆነው የታደሰው ነገር ለሰው ሕይወት ሲሆን ነው፤ አዲስ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ግን መተውም ከጽድቅ ይቆጠራል።

ስለዚህ አለማባከን ሲባል ዕቃውን ማቆየት ብቻ ማለት አይደለም። በታልሙድ፣ ሻባት በተባለው ክፍል 67ለ ላይ፣ ራቭ ዙጥራ የኩራዙን መክደኛ ያለ አግባብ ከፍቶ ወይም ዘግቶ ነዳጁ ቶሎ እንዲያልቅ የሚያደርገው ሰው ይህንኑ ሕግ እንደ ጣሰ ይናገራል። ኩራዙ አልተሰበረም፤ የባከነው የሚበላው ነዳጅ ነው። ይህ ፍርድ አሮጌውን ባለ ሁለት ምት ሞተር በቀጥታ ይነካዋል። ባለ ካርቡሬተሩ ሞተር ውስጥ አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ወደ ሲሊንደር ሲገባ የጭሱ መውጫ ገና አልተዘጋም፤ በዚህ የተነሣ ከነዳጁ ሩብ ያህሉ ሳይቃጠል አየርና ውኃ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 ባወጣው ደንብ አዳዲስ የጀልባ ሞተሮች የሚለቁትን ያልተቃጠለ ነዳጅ በሦስት አራተኛ እንዲቀንሱ ያስገደደው ለዚህ ነው። ኪኔሬት ደግሞ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበት ሐይቅ ነው። «አዲስ ሞተር ለመሥራትስ ብረትና ኃይል አይባክንም?» ቢባል እውነት ነው። ስለዚህ መልሱ በአጠቃቀሙ ይለያያል፦ በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚነሣ ሞተር ጥገናው ብክነትን ይቀንሳል፤ ዕለት ዕለት ለሚሠራ ግን አሮጌውን ማቆየት የሩብ ነዳጅ ብክነትን በየቀኑ ማደስ ይሆናል።

ከነዳጁም በላይ የሚከብደው የሰው አካል ነው። በዚያው በሻባት 129ሀ ላይ፣ ራባ ደም ከተቀዳ በኋላ እንዲሞቀው ብሎ አግዳሚ ወንበር ሲያስፈልጥ፣ ተማሪው አባዬ «ማባከን አይደለም ወይ?» ቢለው፣ ከዕቃ ጥፋት የሰውነት ጥፋት ይብሳል የሚል መልስ ሰጠው። ራቢ ናታን ደግሞ ባቫ ካማ በተባለው የታልሙድ ክፍል 15ለ ላይ ሰው ክፉ ውሻና የላላ መሰላል ቤቱ ውስጥ እንዳያኖር ከኦሪት ያስተምራል። ከባሕር ዳር ርቆ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት የሚጠፋ ሞተር ከላላ መሰላል አይሻልም። እዚህ ላይ የመካኒኩ ዕውቀት የሃይማኖቱን ጥያቄ ያግዛል፤ ብልሽት ሁለት ዓይነት ነውና። የተበላሸ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ካርቡሬተር፣ ያለቀ የውኃ ፓምፕ ጎማ በጥገና ያልቃሉ፤ ሲጠገኑ ብልሽቱ በባለቤቱ እጅ ይሞታል። ኮምፕሬሽኑ የወረደ ሲሊንደር፣ ውኃ ገብቶበት እንደ ወተት የነጣ የማርሽ ዘይት፣ ጨው የበላው የማቀዝቀዣ መንገድ ግን ዛሬ ቢታለፉም ነገ የሚመለሱ ምልክቶች ናቸው። መለዋወጫውም ላይገኝ ይችላል፦ ከ1909 ጀምሮ በገበያ የታወቀው የኤቪንሩድ ሞተር ምርት እንኳ በ2020 ቆሟል። የመጀመሪያውን ዓይነት መጠገን ቀና ነው። ሁለተኛውን ለጊዜው አስነሥቶ ልጅንና ጎረቤትን ይዞ ባሕር መግባት ግን የላላውን መሰላል ቀለም ቀብቶ ማቆም ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ዓይነት ይሸጥ? ፈተናው ያለው እዚህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥14 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል፤ 25፥14 ደግሞ በሚሸጥና በሚገዛ መካከል ማታለል እንዳይኖር ያዛል። ራምባም ስለ ሽያጭ ሕግ በምዕራፍ 18 በዕቃው ላይ ጉድለት እንዳለ የሚያውቅ ሻጭ ለገዢው መንገር ግዴታው እንደሆነ ጽፏል። «ገዢ ዓይን አለው፤ ‹እንዳለ ነው› ብዬ ዋጋ ቀንሼለታለሁ» የሚለው መከራከሪያ በገበያ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጨው የበላው መንገድ ከሽፋኑ ሥር ነው፤ ገዢው ዓይን ቢኖረውም በዚህ ነገር ዕውር ነው። የዋጋ ቅናሽም የማያውቀውን አደጋ አያሳውቀውም። የእስራኤል ሕግም ከዚህ አይርቅም፦ በ1968 በወጣው የሽያጭ ሕግ መሠረት ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ዝም ካለ፣ ገዢው ጉድለቱን እንዳገኘ እስካስታወቀ ድረስ፣ በመካከላቸው የተደረገ ስምምነት እንኳ ሻጩን አያድነውም። መንግሥትም ኦሪትም የሚሉት አንድ ነው፤ ብልሽትን መሸጥ ይቻላል፣ በስሙ ጠርቶ ከሆነ ብቻ።

ከዚህ ሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ የድኻው ነው። «ይህ የባለጸጋ ሥነ ምግባር ነው፤ ለጥገናም ገንዘብ የሌለው፣ እውነቱን ተናግሮ ቢሸጥም የሚገዛው የማያገኝ ሰው ምን ያድርግ?» ይላል። ጥያቄው ይገባል፤ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን መጥተው ኑሮን ከባዶ የጀመሩ ብዙ ቤተሰቦች ላሉበት ማኅበረሰብ ደግሞ በጣም ይገባል። መልሱ ግን በድኻ ገበያ ውስጥ አለ። የአዲስ አበባው ምናለሽ ተራ የቆመው የሞተውን ዕቃ ሕያው ነው ሳይል፣ ቆርጦና ለይቶ፣ ሽቦውን ለሽቦ፣ ብረቱን ለብረት በመሸጥ ነው። በእስራኤል ሰፈሮችም «አልቴ ዛኸን» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ደኅናው ፕሮፔለር፣ ደኅናው ካርቡሬተር፣ አሉሚኒየሙ ለየብቻ ዋጋ አላቸው፤ የሚገዛቸውም የተበተነ ዕቃ እንደሚገዛ ያውቃል። ይህ ማባከን አይደለም፤ ራምባም የከለከለው ለማጥፋት ብሎ ማጥፋትን ነውና። ገንዘቡ ቢያንስም ማንም ሳያውቅ የሚሰጥምበት ነገር የለም።

የሚቀረው ተቃውሞ የትዝታ ነው፦ ሞተሩ የአባት ከሆነስ? ለዚህ ሬሖቮት ራሷ መልስ አላት። በዋይዝማን ተቋም ከ1954 ጀምሮ ተሠርቶ በ1955 ሥራ የጀመረው፣ ከዓለም ቀደምት ኮምፒዩተሮች አንዱ የነበረው ዋይዛክ፣ በ1963 መጨረሻ ከሥራ ወጣ። ትዝታው ግን ተከብሮ ለእይታ ቀርቧል። ለማክበር ሲባል ማንም ስሌቱን በዚያ ማሽን እንዲሠራ አልተገደደም። የአባትን ሞተርም በቤት አስቀምጦ ማክበር ይቻላል፤ ክብሩ ወደ ባሕር መመለስን አይጠይቅም።

እንግዲህ ባለ ሞተሩ መካኒኩን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ብልሽት በጥገና ያልቃል ወይስ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። የሚያልቅ ከሆነና ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚነሣ ከሆነ አቅሙ እንደፈቀደ ይጠግነው። የሚመለስ ከሆነ በትኖ ይሽጠው፤ ሙሉውን የሚሻ ገዢ ቢመጣም ያንን ወረቀት ከሞተሩ ጋር ይስጠው። ገዢው አንብቦ ሐሳቡን ቢለውጥ ሻጩ የሚያጣው ገንዘብ ከመጀመሪያውም የእርሱ አልነበረም፤ ብልሽቱን ለሌላ ሰው የማሸከሚያ ዋጋ ነበር።