«እሺ» ማለት ቀላል ነው

እናቴ ቡናውን ቀድታ ስኒውን ስትዘረጋለት፣ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ እማማ፣ ቡና አልጠጣም» አላት። ኮተቤ 02፣ እኛ ቤት ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ልጁ ከዩታ የመጣ የ19 ዓመት አሜሪካዊ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረቱ ላይ ጥቁር የስም ባጅ። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ኬንያዊ ነው። እሱም አይጠጣም።

የእናቴ ፊት ሲቀየር አየሁ። ቤቷ ገብቶ ቡናዋን እምቢ ያላትን እንግዳ እኔ አላስታውስም።

ልጆቹን ያወቅኳቸው ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ረጅሙ በተሰባበረ አማርኛ ስለ ሰፈሩ ጠየቀኝ፣ በዚያው ተግባባን። ብዙዎች «ሞርሞን» የሚሏቸው፣ ራሳቸውን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን» ብለው የሚጠሩት አማኞች ሚስዮናውያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1830 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት የተመሠረተ ነው። ወንዶቹ 18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ለሁለት ዓመት ይላካሉ። ደሞዝ የላቸውም፤ ወጪውን ራሳቸውና ቤተሰባቸው ይሸፍናሉ። የት እንደሚሄዱ ግን አይመርጡም። ከጓደኛቸው ተለይተው ብቻቸውን አይንቀሳቀሱም። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ቤታቸው የሚደውሉት በዓመት ሁለቴ ነበር፤ አሁን በሳምንት አንዴ ተፈቅዷል። ባጁ ላይ ያለው «ኤልደር» የሚለው ማዕረግ «ሽማግሌ» ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ጢም ያላበቀለ ሽማግሌ! ደግሞ የማንን ልጅ ሊጠይቁ ነው?» ብላ ስቃ ነበር።

ቡናው ላይ ግን አልሳቀችም። ቶሎ ብዬ ገባሁበት፦ «እማዬ፣ ሃይማኖታቸው ነው። ቡናና ሻይ ክልክል ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ዕድሜ ልካቸውን።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ጾም ነው በለኛ!» አለችና ተነስታ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችላቸው።

ጾም ሲባል ልጁ አንድ ነገር ትዝ አለው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የእምነቱ ተከታዮች አንድ እሁድ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ በዋናነት ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ዕለቱ በእኛ ጥር 19 ቀን 1977 ነው። «19? ገብርኤል ነዋ!» አለች እናቴ፣ አማተበች።

ከዚያ ፊት ለፊት ጠየቀችው። «ስለ ወላዲተ አምላክስ ምን ትላላችሁ?»

«እናከብራታለን። ግን ወደ እሷ አንጸልይም።»

«እንግዲያ ልጄ አትድከም። እኔ ከማርያም አልለይም። ምሳ ግን በፈለግህ ቀን መጥተህ ብላ።»

በሁለቱ መካከል ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ያላለቀው የእኔ ነው።

ልጁ «እሁድ ትመጣለህ?» ሲለኝ «እሺ» አልኩት። አልሄድኩም። በሚቀጥለውም «እሺ»፣ በሦስተኛውም «እሺ»። የሰጠኝን መጽሐፍ «እያነበብኩ ነው» አልኩት፤ አንድ ገጽ አልገለጥኩም። በአራተኛው ሳምንት እንዲህ አለኝ፦ «ካልፈለግህ አልፈልግም በለኝ። እኔ ያለኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሦስቱንም እሁድ በር ላይ ቆሜ ጠብቄሃለሁ።»

አፈርኩ። ያን ጊዜ የመጣልኝ መከላከያ «ላስከፋው ስላልፈለግሁ ነው» የሚል ነበር። ቃሉን ራሱን እዩት፤ ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከማለት የመጣ ነው። ስለ እንግዳው አይደለም፣ ስለ እኔ ነው። ጥሩ ልጅ መስዬ ለመታየት የእሱን እሁዶች ከፈልኩ።

«ማን ና አለው? እምነት ያለው ሀገር መጥቶ ሰው ሊያስቀይር!» ትሉ ይሆናል። ጥርጣሬው ከባዶ አልመጣም። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነታቸውን ካወጁ በኋላ፣ በ1632 የቀድሞው እምነት እስኪመለስ ድረስ ብዙ ደም ፈሷል። ግን ሌላም ታሪክ አለን። ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ የባዕድ ሀገር ልጅ ነበር፤ ከወንድሙ ጋር ተማርኮ አክሱም ደረሰ፣ በኋላ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ተባለ። የእናቴም ማርያም የደረሰችን በባዕድ አፍ ጭምር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰው እምነቱን ይዞ መምጣቱ አይመስለኝም፤ እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ነው። እምቢ የማይባልበት ጥሪ ትእዛዝ ነው፤ የሱስንዮስ ዘመን ያሳየን ይህንን ነው። እምቢ ማለት እየቻልኩ «እሺ» እያልኩ ስሸሽ ደግሞ ጥሪውን ቀልድ አደርገዋለሁ። ልጁ ቡናውን እምቢ ሲል እናቴን አላታለላትም፤ እናቴም እምነቱን እምቢ ስትል አላታለለችውም። ለዚህ ይመስለኛል የተከባበሩት። ለሁሉም «እሺ» ያልኩት እኔ ማንንም አላከበርኩም።

አንድ ቀን ወደ ካራ አብረን ስንሄድ፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ለማሳለፍ ጥግ ያዝን። እዚያው ቆመን ጠየቅሁት፦ «እኔ ተሳስተሃል ብዬ ባሳምንህ፣ እምነትህን ትተዋለህ?»

ሴቶቹ እስኪያልፉ ዝም አለ። «አላውቅም» አለኝ። «ግን ቤቴ ሳለሁ ሁሉም እንደኔ ስለሚያምን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናትህ አልቀበልም ያለችኝ ቀን ማታ አልተኛሁም። ለምን እንደማምን ያን ሌሊት ራሴን ጠየቅሁ።»

እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ምንም አልሰጠሁትም። ከእኔ ያገኘው ሦስት «እሺ» ብቻ ነው።

«አልመጣም» አልኩት። ምክንያቴንም ነገርኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባችን ተከራከርን። እሱ አላሳመነኝም፣ እኔም አላሳመንኩትም። ስንለያይ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

እናቴ አሁንም ቡና ስታፈላ አንዳንዴ ትጠይቀኛለች፦ «ያ የማይጠጣው ልጅ ደህና ነው?»