ጠባቂው የቱ ነው?

ባለፈው ክረምት ሮም ሄጄ፣ እዚያ ከሚኖሩ አንድ የአገሬ ሰው ጋር የሥዕል ኤግዚቢሽን ገባሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በደርግ ዘመን ስድስት ዓመት ታስረዋል። ይህን እያወቅሁ የእስር ቤት ሥዕል ላሳያቸው መውሰዴ አሁንም ይገርመኛል።

ሥዕሎቹ የጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1720 ተወልዶ በ1778 ሮም የሞተ ጣሊያናዊ ነው። «አርክቴክት» እያለ ይፈርም እንጂ፣ በሕንጻ ሥራ ያሳየው ነገር ቢኖር የአንዲት ቤተ ክርስቲያን እድሳት ነው። (ሥራ ያጣ አርክቴክት እስር ቤት ይገነባል ማለት ነው!) የመዳብ ሰሌዳ በሰም ቀብቶ፣ በመርፌ ጭሮ፣ አሲድ አስበልቶ፣ የትም የሌሉ እስር ቤቶችን አተመ። በ1750 ገደማ 14 ነበሩ። በ1761 እነዚያኑ ሰሌዳዎች አውጥቶ አጠቆራቸው፤ የማሰቃያ መሣሪያ ጨመረባቸው፤ 16 አደረሳቸው።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አሉኝ። ጣሪያው ከዓይን ይርቃል፤ ደረጃው ሌላ ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ሰው ጉንዳን ያክላል። «ግሩም ነው!» አልኩ። ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው ዞር ብዬ ጋሼን ያየኋቸው።

«ይሄ ሰው ታስሮ አያውቅም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ስፋቱን አታይም እንዴ? እኛ እግራችንን የምንዘረጋው በተራ ነበር፣ ልጄ።»

አፈርኩ። በሌላው ሰው መከራ ዓይንን ማስደሰት ይገባል ወይ? ፒራኔዚ ማንንም አላሰረም፣ ወረቀት አይጮኽም ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ግን ደስ ያሰኘኝ ያው ስቃዩ ነው፤ እሱን ብናወጣው የሚቀረው ባዶ አዳራሽ ነው። ደግሞስ፣ ስለ እስር የሚስለው የታሰረ ብቻ ይሁን ካልን፣ እኛ ያልታሰርነው ነገሩን የምናውቀው መቼ ነው? ስንታሰር?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ጋሼ አንዱ ሥዕል ፊት ቆመው ቀርተዋል። ደረጃ በደረጃ ላይ ነው፤ መውጫው አይታይም።

«ይሄን ግን አግኝቶታል» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ማለቂያ ማጣቱን። እኛን የጨረሰን መቼ እንደምንወጣ አለማወቃችን ነበር።»

ከዚያ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ጥቃቅኖቹን ሰዎች አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ጠባቂው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። እስረኛውን ከጠባቂው መለየት አልቻልኩም። እሳቸውም አልቻሉም፤ ሊዘጋ ነው እስኪባል ድረስ ግን ከዚያች ሥዕል ፊት አልተነሱም።