መከራ ሁሉ ይመክራል?

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህችን አባባል እወዳታለሁ፤ እፈራታለሁም። የምወዳት እውነት ስላለባት ነው። የምፈራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገራት ዳር ቆሞ የሚያየው፣ አንዳንዴም ራሱ መከራውን የሚያደርሰው ሰው ስለሆነ ነው። «ተወው፣ ይማርበታል!» እንላለን። ግን እውነት ይማርበታል? ማንስ ጠየቀው?

ዛሬ ይህንን ጥያቄ በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በኩል ላነሳው ፈልጌአለሁ። «ምነው፣ ይሄ ሁሉ ጉዳይ እያለ የፈረንጅ ልጃገረዶች ኳስ?» የሚል አይጠፋም። ምክንያት አለኝ። እዚያ ሽንፈት በቁጥር ይለካል። ማን ማንን በስንት እንደረታ፣ የተረታውም በዓመቱ ምን እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። በእኛ የዕለት ኑሮ ግን ማን በምን ያህል እንደተሸነፈ የሚመዘግብ ዳኛ የለም። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ከ2013 እስከ 2016 አራት ዓመት በተከታታይ የሀገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። አሸናፊነቱም እንደ ሌላው በአምስትና በአስር ነጥብ አልነበረም፤ በሰላሳና በአርባ ነጥብ ልዩነት መርታት ልማዱ ሆኖ ነበር። በመጋቢት 2016 በብሔራዊው ውድድር ሚሲሲፒ ስቴት የሚባለውን ቡድን 98 ለ 38 ቀጠቀጠው። ስልሳ ነጥብ! ያን ጊዜ አንድ የቦስተን ጋዜጣ አምደኛ «ኮኔቲከቶች የሴቶችን ጨዋታ እየገደሉት ነው» የሚል አስተያየት ሰነዘረና ክርክሩ ጦፈ። አሰልጣኙ ጂኖ ኦሪየማም ዝም አላሉም። ያልወደደው አይመልከት አሉ። የጎልፉን ታይገር ዉድስንም ጠቀሱ፤ እሱ ሁሉንም ሲያሸንፍ ጎልፍን ጎዳ ያለው የለም፣ እንዲያውም ሌሎቹ እንዲሻሻሉ አስገደዳቸው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በአጭሩ፣ ኃይለኛው ሲበረታ ደካማውም ይበረታል ነው።

ታሪክም ለጊዜው የመሰከረው ለእሳቸው ይመስላል። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 31 ቀን 2017፣ ዳላስ ከተማ ላይ ሁለቱ ቡድኖች በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ኮኔቲከት በተከታታይ 111 ጨዋታ አሸንፎ ነው የመጣው። መደበኛው ሰዓት በእኩል ነጥብ አለቀ፤ ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። የጭማሪው የመጨረሻ ሰከንድ ላይ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሞርጋን ዊሊያም የምትባል የሚሲሲፒ ስቴት ልጅ ዘላ ወረወረች። ኳሷ ገባች። 66 ለ 64! ስልሳ ነጥብ የተቀጣው ቡድን ቀጪውን ጣለ።

ይህንን ታሪክ ያጫወተኝ የኳስ ፍቅር ያለበት ወዳጄ «በል እንግዲህ፣ አሁንስ ምን ትላለህ? መከራ አልመከረም?» ብሎ አፋጠጠኝ።

ቆይ እስቲ፣ አልኩት። መጀመሪያ ሚሲሲፒ ስቴት መቼ ነው ደካማ የነበረው? ስልሳ ነጥብ በተቀጠቀጠበት በዚያው የውድድር ዘመን 28 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። አሰልጣኙ ቪክ ሼፈር ከ2012 ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ከቁልፍ ተጫዋቾቻቸው አብዛኞቹ ለሚቀጥለው ዓመት ተመልሰዋል። የሚጫወቱበትም ምድብ በየሳምንቱ ጠንካራ ቡድን የሚገጥሙበት ነው። ሁለተኛ፣ ኮኔቲከትስ ያው ኮኔቲከት ነበር ወይ? በ2016 ሦስት ኮከቦቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል። በዚያ ዓመት በፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጫ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው የተመረጡት ሦስቱም የኮኔቲከት ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ያ ስልሳ ነጥብ የጠበበው ከሁለቱም ጫፍ ነው። አንዱ ሠርቶ ወጣ፤ ሌላው በተፈጥሮ መንገድ ትንሽ ወረደ። ሽንፈቱ ልጆቹን አላነሳሳም አልልም፤ ሳያንገበግባቸው አይቀርም። ነገር ግን መንገብገብ ብቻውን ኳስ ቅርጫት ውስጥ አያስገባም።

ወዳጄ ያላነሳው ሌላ ጨዋታ አለ። መጋቢት 17 ቀን 2018 ያው ኮኔቲከት በመጀመሪያው ዙር ሴንት ፍራንሲስ የሚባል ትንሽ የፔንሲልቫኒያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ሴንት ፍራንሲስ የራሱን ምድብ አሸንፎ፣ በላቡ ነው እዚያ የደረሰው። በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ኮኔቲከት 55 ነጥብ አስቆጠረ። እረፍት ላይ 94 ደረሰ። መጨረሻው 140 ለ 52 ሆነ፤ የሰማንያ ስምንት ነጥብ ልዩነት። እንግዲህ መከራ የሚመክር ከሆነ፣ በስልሳ የተመታ ግማሽ ፍጻሜ ካሸነፈ፣ በሰማንያ ስምንት የተመታው ዋንጫ መውሰድ ነበረበት! የሆነው ሌላ ነው። በ2025 ዩኒቨርሲቲው ስፖርቱን በሙሉ ከአንደኛው ዲቪዥን ወደ ሦስተኛው እንደሚያወርድ አስታወቀ። ሦስተኛው ዲቪዥን በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት ነው። ይህ የሆነው በዚያ ጨዋታ ምክንያት ነው ብል መዋሸት ይሆንብኛል። የተጠቀሰው ምክንያት የኮሌጅ ስፖርት መልኩ መቀየሩ፣ ለተጫዋች ገንዘብ መከፈሉና የተጫዋቾች ዝውውር መብዛቱ ነው። እኔ የምለው ግን፣ ይህን የመሰለውን ክፍተት ሽንፈት አይሞላውም። ክፍተቱ የበጀት ነው፣ የምልመላ ነው፣ የሜዳ ነው፣ የአሰልጣኝ ደሞዝ ነው።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ከ1994 ጀምሮ በሴቶች ብሔራዊ ውድድር በየዓመቱ አራት አንደኛ የተባሉ ቡድኖች ከአራት አሥራ ስድስተኛ የተባሉ ቡድኖች ጋር ይገጥማሉ። በኮሮና ምክንያት የተሰረዘውን የ2020 ውድድር ትተን እስከ 2025 ድረስ 124 ጨዋታ ይሆናል። ታናሹ ያሸነፈው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ! በ1998 ሃርቫርድ ስታንፎርድን በገዛ ሜዳው 71 ለ 67 አሸነፈ። እሱም ቢሆን ስታንፎርድ ሁለት ቁልፍ ተጫዋቾቹን በጉልበት ጉዳት ባጣበት ሰሞን ነበር፤ በሃርቫርድ በኩል ደግሞ አሊሰን ፊስተር የምትባል 35 ነጥብ ያስቆጠረች ድንቅ ልጅ ነበረች። ከ124 ጨዋታ 123ቱ ሽንፈት ነው። የምንተርከው ግን ያንዱን ነው። ያ 123ቱ ተራኪ የለውም። «ሽንፈት ጠቀመን» የሚለውን ንግግር የምንሰማው በኋላ ካሸነፉት አፍ ብቻ ስለሆነ፣ ሽንፈት ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል። ከጦርነት በሕይወት የተመለሰው ብቻ ነው ስለ ጦርነት የሚያወራን።

ታዲያ ሽንፈት ከነጭራሹ አያስተምርም ማለቴ ነው? አይደለም። የሃርቫርዱን ነገር እንደገና እንየው። ሃርቫርድ ያንን ድል ያገኘው በ1996ም በ1997ም በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ነው። ያቺው ፊስተር በሦስቱም ዓመት ነበረች። ያዩትን ይዘው ተመለሱ። እንግዲህ ሽንፈት ትምህርት እንዲሆን የሚያስፈልጉት ነገሮች እዚህ ላይ ይታዩኛል። አንደኛ፣ ርቀቱ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። በአሥራ አምስት ነጥብ የተሸነፈች ልጅ ማታ ተኝታ «እዚያች ጋ ባልሳሳት፣ ያቺን ብይዛት» ትላለች። በሰማንያ ስምንት የተሸነፈች ልጅ ምኑን ከምኑ ትለየው? ሁሉም ነገር የተሳሳተ ሲሆን የትኛው ስህተት እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ መመለሻ ያስፈልጋል፤ ያው ሰው፣ ያው አሰልጣኝ፣ የሚቀጥለው ዓመት። የኮሌጅ ተጫዋች ዕድሜዋ አራት ዓመት ነው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ የተቀጠቀጠች ልጅ ትምህርቱን የት ትጠቀምበት? ሦስተኛ፣ ጨዋታውን ራሱ ቡድኑ የመረጠው መሆን አለበት።

ይህች ሦስተኛዋ ነገር ብዙ አይወራባትም። በኮሌጅ ስፖርት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትንሹን ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሜዳው የሚጋብዝበት አሠራር አለ። ትልቁ ድል ይገዛል፤ ትንሹ ቼክ ይዞ ይመለሳል። ቼኩ ለመሥሪያ ቤቱ በጀት ይደጉማል። ሜዳ ላይ ወጥተው የሚቀጠቀጡት ግን ልጆቹ ናቸው። ያንን «ለልምድ ነው፣ ይጠቅማችኋል» ብሎ ማቅረብ ልጆቹን ማታለል ነው። አንዳንድ አሰልጣኝ በእርግጥ ልጆቹን ለመፈተን ብሎ ከባዱን ይመርጣል፤ አከብረዋለሁ። ለበጀት ሲሆን ግን ለበጀት ነው ይባል። እውነቱ ሲነገር ልጆቹም አዋቂዎች ናቸው፣ ይረዳሉ።

«እና ኃይለኛው ምን ያድርግ? ሆን ብሎ ይሳት?» አለኝ ወዳጄ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥር 2009 እዚያው ዳላስ ውስጥ ሁለት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴት ቡድኖቻቸውን አጋጠሙ። ውጤቱ 100 ለ 0 ሆነ። የተሸነፈው ትምህርት ቤት ለትምህርት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። እረፍት ላይ 59 ለ 0 ነበር። አሸናፊው ትምህርት ቤት ራሱ አፍሮ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አሰልጣኙ በይቅርታው አልስማማም በማለቱ ከሥራው ተሰናበተ። አሰልጣኙ ልጆቼ በክብር ነው የተጫወቱት ባይ ነበር።

በእኔ አስተያየት ሆን ብሎ መሳት ከመቀጥቀጥ የባሰ ንቀት ነው። ማንም ልጅ የምጽዋት ነጥብ አይፈልግም። ነገር ግን በመሳትና በመርገጥ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ተቀያሪዎችን ማስገባት ይቻላል፤ ተጋጣሚን ገና ከራሱ ቅርጫት ሥር ጀምሮ ማፈኑን መተው ይቻላል፤ ያልተለማመዱትን ቅብብል መሞከር ይቻላል። ያን ጊዜ ተሸናፊዋም ቢያንስ ኳስ ይዛ መሀል ሜዳን ትሻገራለች፣ አንድ ነገር ትሞክራለች። የሚያስተምር ሽንፈት ካለ እሱ ነው፤ ለመሞከር ቦታ የሚተው ሽንፈት።

ደካማው በእውነት ሲጠነክር ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ዶን ስቴይሊ በ2008 ሳውዝ ካሮላይናን ሊያሠለጥኑ ሲመጡ በመጀመሪያው ዓመት 10 አሸንፈው 18 ተሸነፉ። በ2017 ዋንጫ ወሰዱ፤ ያውም በፍጻሜው ያንን ኮኔቲከትን የጣለውን ሚሲሲፒ ስቴትን 67 ለ 55 አሸንፈው። በመሀል ዘጠኝ ዓመት አለ። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ሽንፈት ነበር፤ ግን ከሽንፈቱ ጋር ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኟን ታግሶ ማቆየቱ፣ እንደ ኤጃ ዊልሰን ያሉ የክፍለ ግዛቱ ልጆች እዚያው መቅረታቸው፣ አዳራሹ በሕዝብ መሙላቱም ነበር። መከራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ 18ቱ ሽንፈት የሚቀጥለውን ዓመት 18 ሽንፈት ይወልድ ነበር።

ወደ እኛው ልመለስ። ብዙዎቻችን «ዱላ ያስተምራል» እየተባለ በተገረፍንበት ክፍል ነው የተማርነው። ከዚያ ክፍል ሐኪም የሆነ አለ፤ መሐንዲስ የሆነ አለ። እነሱ ዛሬ «ያ ዱላ ነው ሰው ያደረገኝ» ይላሉ፤ የማለት መብትም አላቸው፣ ጀርባው የእነሱ ነው። ከዚያው ክፍል ደብተሩን ጥሎ የሄደውስ? እሱ የሚናገርበት መድረክ የለውም። አስተማሪው ግን ሁለቱንም እኩል ገርፏል፤ የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው «ጠቀመኝ» የሚለው ቃል የተሸናፊው ንብረት ነው የምለው። ሞርጋን ዊሊያምና ጓደኞቿ «ያ ስልሳ ነጥብ ሠራን» ቢሉ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። ያሸነፈው ወገን «ጠቀምኳቸው» ሲል ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ትዝ ይለኛል። አሸናፊ በጥንካሬው ይኩራ፤ ደክሞበታልና ማንም አይከለክለውም። ደግነት ነው ብሎ ግን አያስከፍለን።

ወዳጄ በመጨረሻ «ታዲያ በስንት ነጥብ ስንሸነፍ ነው የሚያስተምረን?» ብሎ ሳቀ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፣ አልኩት። ከሽንፈቱ ማግስት ጠዋት ልምምድ ቦታው ተከፍቶ፣ ኳሱ ተነፍቶ፣ አሰልጣኙ ቀድሞ ደርሶ ከጠበቃቸው ያስተምራል። በሩ ተቆልፎ ከጠበቃቸው ግን፣ በአንድ ነጥብም ቢሸነፉ መከራ ነው እንጂ ምክር አይደለም።

ቸር እንሰንብት።