ማሳሳት ውሸት ነውን?

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ፌይንት» የሚባል አጭር ቃል አለ። ትርጓሜውም ባላጋራን ለማሳሳት ተብሎ የሚደረግ የማስመሰል እንቅስቃሴ ማለት ነው። በሰይፍ የሚጋጠም ሰው ትከሻ የሚወጋ መስሎ ይሰነዝርና፥ ባላጋራው ትከሻውን ሲከላከል ጎኑን ይነካዋል። ቦክሰኛውም በግራ እጁ የሚመታ መስሎ በቀኙ ይመታል።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ከፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛውም ምንጭ «ፊንጌሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው። ይህም ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በእጁ እያበጀ ቅርጽ መስጠቱን የሚያመለክት ነበር። ቅርጽ ማለት የሆነው «ፊገር»፥ ልብ ወለድ ድርሰት ማለት የሆነው «ፊክሽን» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጭቃ ማበጀት ሐሰት ማበጀት ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን የባዕድ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በእኛም «ፈጠረ» የሚለው ቃል ከእግዚአብሔር ሥራ ተነሥቶ እስከ መንደር ሐሜት ይወርዳል፤ «ወሬ ፈጠረ» ስንል ዋሸ ማለታችን ነውና።

ታዲያ ፌይንት ውሸት ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። ውሸት የሚያምነንን ሰው እምነት ማፍረስ ነው። ሰይፍ መዝዞ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግን «እመነኝ» አላለም፤ ባላጋራውም ይህን ያውቃል፥ ተራው ሲደርስ እርሱም ያሳስታል።

የጦርነት ሕግ እንኳ ይህን ልዩነት ይጠብቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እንግሊዞችና አሜሪካኖች በአየር የተነፉ የጎማ ታንኮች ደርድረው ጀርመኖችን በካሌ በኩል የሚመጡ አስመሰሏቸው፤ የወረዱት ግን በኖርማንዲ ነው። ይህን የሚነቅፍ ሕግ የለም። በ1977 በጄኔቫ የጸደቀው ፕሮቶኮል ግን ነጭ ባንዲራ አንሥቶ እጁን የሰጠ መስሎ መግደልን፥ የቆሰለ መስሎ መግደልን ከልክሏል። ነጭ ባንዲራ «እመነኝ» ይላልና።

በእግር ኳስም እንዲሁ ነው። ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ በግራ የሚያልፈው ይጨበጨብለታል። ሳይነኩት ተመታሁ ብሎ የሚወድቀው ግን ቢጫ ካርድ ይገባዋል፤ ያታለለው ባላጋራውን ሳይሆን ዳኛውን ነው፥ ዳኛውም ለመጋጠም የገባ ሰው አይደለም።

የገበያው ነገር ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ገዢው ዋጋው ተወደደብኝ ብሎ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ፥ ሻጩ ተመልሶ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ፈገግ ይላል። ሻጩ «የገዛሁበት እንኳ ከዚህ ይበልጣል» ብሎ በእናቱ ስም ሲምል ግን፥ ገዢው ይህን የሚመረምርበት መንገድ የለውም።