ሽፍታ ሲነግሥ

መንግሥትን ሸሽቶ ወደ ዱር የገባ ሰው፣ ራሱ መንግሥት በሆነ ጊዜ ከእርሱ በኋላ ወደዚያው ዱር ለሚገቡት ምን ዕዳ አለበት? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በየአገሩ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን እኛ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ቁልቁል ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ የቋራን ቆላ በስተ ግራው ትቶ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ሲባሉ የሸፈቱበት አገር ነው። ሽፍታውን «እሱ»፣ ንጉሡን «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ አንባቢ አይቀየመኝ፤ ያገራችን ቋንቋ ራሱ ሰውን በሹመቱ ልክ ስለሚጠራ ነው።

ቆላው ለሸማቂ የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የደጋ ጦር ሙቀቱንና ወባውን ፈርቶ አይከርምበትም፤ ጫካው ይሰውራል፤ ድንበሩ ቅርብ ነው፤ ወደ ሱዳን የሚወርደው የነጋዴ መንገድም በዚያው ስለሚያልፍ ጠመንጃ የያዘ ሰው አይራብም። ዛሬ በዚያ አገር የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ተዘርግቷል። ቢሆንም በቅርብ ዓመታት መንገደኛ እየታገተ ማስለቀቂያ ገንዘብ መጠየቁ የጥንቱ ምክንያት ጨርሶ እንዳልጠፋ ያሳያል። በካሳ ስም ሲፎከር ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ የሚፎከርበት በየትኛው ካሳ ነው?

ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ እናቱንም ጠላቶቹ «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቧት ነበር። ወንድሙ ደጃዝማች ክንፉ ከሞተ በኋላ አገሩን እቴጌ መነን ስለወሰዱት፣ ድርሻ የሌለው ካሳ ሸፈተ። በዘመኑ የተጻፈው ታሪክ እንደሚተርከው በችግር ጊዜ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች ዶማ መግዣ አከፋፈለ፤ ጫካ መንጥረው እንዲያርሱም አደረገ። እኔ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ነው። ሽፍታ ሰይፍ ቢያከፋፍል አያስደንቅም፤ ዶማ ማከፋፈል ግን ነገን ማሰብ ነው።

በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማረከ። በዓመቱ በመተማ አቅጣጫ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍና በሥርዓት ተሸነፈ። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሣ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ።

ከነገሡ በኋላ ያወጁት አዋጅ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ፣ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ የሚል ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከውን ወጣት አንባቢዬ ልብ ብለህ አድምጥ። የታወቁ ቀማኞች ታጥቀው መጡና በአዋጁ መሠረት ወደ አባታችን ሥራ እንመለስ አሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ቢሏቸው፣ መቀማት ነው ብለው መለሱ። ንጉሡም በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ አሏቸው። እነሱ ግን እንቢ አሉ፤ ንጉሡም አሰናብተው ኋላ ጦር ሰድደው አስፈጇቸው። ይህን ታሪክ ሰው የሚያወራው እየሳቀ ነው። እኔ ግን ከሳቁ በፊት በሬውን አያለሁ፤ ይህን የመሰለ ነገር ያቀረቡት ሽፍታ ለምን እንደሚሸፍት በገዛ ሆዳቸው ስለሚያውቁ ነው። በዙፋን ላይ የተወለደ ንጉሥ ይህን ዕውቀት ከየት ያገኘዋል?

ዕውቀቱ ግን አልሰነበተም። ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊከፍሉት አሰቡ፤ ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ግብር ይክፈል ቢሉ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። አውራጃው በሸፈተ ቁጥር ግብሩ ቀነሰ፤ ግብሩ በቀነሰ ቁጥር ወታደሩ ገበሬውን በላ፤ ገበሬው በተበላ ቁጥር ሌላ ሽፍታ ተነሣ። በ1853 ዓ.ም. በትግራይ የሸፈተውን ንጉሤን ይዘው እጅና እግሩን አስቆረጡት። በኅዳር 1859 ዓ.ም. የራሳቸውን ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ።

እዚህ ላይ «ምሕረት ቢሞክሩስ አይሠራም ነበር» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። የሸዋውን ልጅ ምኒልክን አሳድገው ልጃቸውን ዳሩለት፤ እሱ ግን ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ላይ ነገሠ። የተማረ ሰው ተመልሶ ይሸፍታል፤ ይህን ያየ ንጉሥ ልቡ ቢደነድን አይፈረድበትም። እኔም የታጠቀን ሽፍታ በመቅጣታቸው አልፈርድባቸውም። የምፈርድባቸው ሽፍታው ባመለጠ ጊዜ ገበሬውን በመቅጣታቸው ነው። የበጌምድር አራሽ አልሸፈተም፤ እረስ ተብሎ በአዋጅ የታዘዘው እሱ ነበር።

የአሜሪካው ዋሽንግተንም በንጉሥ ላይ የሸፈተ ሰው ነበር። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 የፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች በአረቄ ግብር ምክንያት ቢያምፁ ጦር አስከትቶ ዘመተ፤ ሞት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ግን በማግሥቱ ዓመት ማራቸው። በእርግጥ የእሱ ግምጃ ቤት እንደ ቴዎድሮስ ባዶ አልነበረም፤ ሸንጎም ነበረው። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም። ቢሆንም ጦር ማዝመትና ምሕረት በአንድ ሰው እጅ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ያሳያል።

ሰው ቴዎድሮስን ሲያነሣ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለጠላት እንዳልሰጡ ያወራል። እውነት ነው፤ ያኮራልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት በመንገድ የሆነው ነው። የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ተራራውን ሁሉ ሲወጣ፣ ገበሬው እህሉንና ገለባውን በማርትሬዛ ብር እየሸጠ አሳለፈው። ለዚያ ሽያጭ ከገበሬው በፊት የሚጠየቅ ሰው አለ፤ እሱም አንድ ጊዜ በቋራ ቆላ ለገበሬ የዶማ መግዣ ያደለው ነው።